አሥራ ሦስተኛው ክፍያ፦ ሶፍትዌርን ለሌላ ሰጥቶ ማሠራት ምን ያተርፋል፣ ምን ያስከፍላል?

በቅርብ የማውቀው አንድ አነስተኛ የቁጠባና ብድር ተቋም ከጥቂት ዓመታት በፊት የብድር ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሩን ውጭ አገር ለሚገኝ ድርጅት በኮንትራት ሰጥቶ አሠርቶ ነበር። ሥራው በተባለው ጊዜ ተጠናቀቀ፤ ገጾቹ ያምራሉ፤ ዋጋውም አዲስ አበባ ውስጥ ከቀረበው ዝቅተኛ ዋጋ ያነሰ ነበር። ችግሩ የታየው ጳጉሜን ሲገባ ነው። ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ተበዳሪ አሥራ ሦስተኛ ወርሃዊ ክፍያ ቆጠረ፤ ጳጉሜን 5 ሲያበቃ ደግሞ ያልከፈለውን ሁሉ ቅጣት ጨምሮ መዘገበበት። መስከረም ላይ ደንበኞች ደብተራቸውን ይዘው መስኮቱ ላይ ተሰለፉ። ቅሬታው ለሠሪው ድርጅት ሲላክለት የሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ የውሉ አባሪ «ሲስተሙ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር መሥራት አለበት» ይላል፤ የኢትዮጵያ ዓመት አሥራ ሦስት ወር አለው፤ ክፍያው ወርሃዊ ነው፤ ስለዚህ በዓመት አሥራ ሦስት ክፍያ አለ።

በመልሱ ውስጥ አንድም የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር የለም። የወር ደመወዝተኛ ለጳጉሜን ለብቻው እንደማይከፈለው፣ አከራይም በአምስቱ ቀን የአንድ ወር ኪራይ እንደማይጠይቅ እዚህ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሁሉም ስለሚያውቀው ግን በወረቀት ላይ ያሰፈረው ሰው አልነበረም።

ሶፍትዌርን ከድርጅቱ ውጭ ላለ ሠሪ መስጠት፣ በተለምዶ አውትሶርሲንግ የሚባለው አሠራር፣ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በሰዓት ዋጋ ላይ ነው፤ እዚያ ርካሽ ከሆነ እዚህ ለምን እንከፍላለን የሚል ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ይህ አይመስለኝም። ኮድ መጻፍን ለሌላ መስጠት ይቻላል፤ የሚፈለገው ምን እንደሆነ ማወቅና ተሠርቶ የመጣው ነገር የተፈለገው መሆኑን መለየት ግን ለሌላ የሚሰጥ ሥራ አይደለም። አሠራሩ የሚያተርፈውም የሚያከስረውም እነዚህ ሁለቱ ችሎታዎች በአሠሪው ቤት መኖር አለመኖራቸውን ተከትሎ ነው።

የአሠራሩ ታሪክ ረጅም አይደለም። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 በህንዷ ባንጋሎር ቢሮ ከፍቶ ሥራውን በሳተላይት መስመር ወደ አገሩ መላክ ጀመረ። የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ ደግሞ በ1989 የኮምፒውተር ማዕከሉን ለኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም አሳልፎ ሲሰጥ፣ ትልቅ ኩባንያ የራሱን የመረጃ ክፍል ራሱ ማስተዳደር አለበት የሚለው አስተሳሰብ ተሰነጠቀ። የህንድ ሶፍትዌር ኩባንያዎችን በአንድ ጊዜ ያሳደጋቸው ግን እ.ኤ.አ. የ2000 ችግር ተብሎ የሚታወቀው ነው። የቆዩ ፕሮግራሞች ዓመትን የሚመዘግቡት በሁለት አሃዝ ብቻ ስለነበር «00» ሲመጣ 1900 ይሁን 2000 መለየት አይችሉም ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የኮድ መስመሮችን አንድ በአንድ አንብቦ የሚያርም ሰው ደግሞ በምዕራቡ ዓለም በቂ አልነበረም። ዛሬ ግዙፍ የሆነው ኢንዱስትሪ የተንደረደረው በቀን አቆጣጠር ስህተት መሆኑን ሳስብ የእኛዋ ጳጉሜን ትዝ ትለኛለች።

ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ርካሽነት ብቻ አድርጎ ማየትም ያሳስታል። አንድ መካከለኛ ባንክ የሞባይል አገልግሎቱን ሲገነባ ለስምንት ወር ሃያ ፕሮግራመር ሊያስፈልገው ይችላል፤ ሥራው ሲያልቅ የሚያስፈልጉት ሦስት ወይም አራት ናቸው። ሃያውን በቋሚነት ቀጥሮ ማቆየት ብክነት ነው፤ ቀጥሮ ማሰናበትም ለሠራተኛውም ለባንኩም ጥሩ አይደለም። በተጨማሪም በዓመት አንዴ ብቻ የሚፈለግ ሙያ አለ፤ የክፍያ ካርድ ሥርዓትን ደኅንነት የሚፈትሽ ባለሙያ ለምሳሌ በየድርጅቱ መቀጠር የለበትም። እንደኛ ባለ አገር ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፤ ጥሩ ፕሮግራመር ሁለት ዓመት ሠርቶ ልምድ ሲያካብት ወይ አገር ይለቃል፣ ወይ ቤቱ ተቀምጦ በዶላር ለሚከፍል የውጭ ድርጅት ይሠራል፤ ተቋሙም ሳይወድ ወደ ኮንትራት ይሄዳል።

በጥሩ ሁኔታ ከተያዘ ምን እንደሚመስል ለማየት ጎረቤታችን ኬንያ ትበቃናለች። ኤምፔሳ የአፍሪካ ፈጠራ ተብሎ ሲነገርለት በተደጋጋሚ ሰምተናል፤ የመጀመሪያውን ሶፍትዌር የሠራው ግን ሳጀንሺያ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ነው፤ ሰርቨሮቹም እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ ጀርመን ውስጥ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የሚሠራበት ፕላትፎርም የሁዋዌ ነው። እንዲህም ሆኖ አገልግሎቱ የአገሬውን ሰው ጠባይ በልኩ ያውቃል። ምክንያቱ የሚገኘው ኮዱ ውስጥ አይደለም። በ2005 ሙከራው ሲጀመር ዓላማው ተበዳሪዎች የአነስተኛ ብድር ክፍያቸውን በስልክ እንዲፈጽሙ ማድረግ ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ ግን ገንዘቡን እርስ በርስ መላላክ ጀመሩ። ሙከራውን የሚመሩት ሰዎች ቦታው ላይ ሆነው ይህን አዩ፤ የምርቱን ዓላማ ቀይረውም በመጋቢት 2007 ወደ ቤት ገንዘብ መላኪያ አድርገው ለገበያ አቀረቡት። ኮዱ የተጻፈው በውጭ ነው፤ ውሳኔው የተወሰነው ግን ተጠቃሚውን በዓይናቸው ባዩ ሰዎች ነው። ብዙዎች ኤምፔሳን ሲጠቅሱ ይህን ክፍል ይዘሉታል።

ወደ ውሉ ስንመጣ፣ ቤት ያሠራ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። የእጅ ዋጋ ብቻ ተነጋግሮ ሲሚንቶውንና ብረቱን ራሱ የሚያቀርብ አሠሪ አለ፤ ሁሉንም ለተቋራጭ አስረክቦ ቁልፍ እስኪቀበል የሚጠብቅም አለ። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። ባለሙያዎቹን በወር ወይም በሰዓት ሒሳብ ወስዶ ራሱ የሚመራቸው አለ፤ ሥራውን በአንድ ቁርጥ ዋጋ የሚሰጥም አለ። የመንግሥትና የባንክ መሥሪያ ቤቶች ሁለተኛውን ይወዳሉ፤ በጀት ለማስያዝም ለኦዲተር ለማስረዳትም ይመቻል። ነገር ግን በቁርጥ ዋጋ የገባ ሠሪ ትርፉ የሚገኘው ውሉ ላይ ካለው ሳይጨምር በመጨረሱ ነው፤ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ «የለውጥ ጥያቄ» ተብሎ ተጨማሪ ዋጋ ይወጣለታል። በሰዓት የሚከፈለው ደግሞ ለመጨረስ የሚያስቸኩለው ነገር የለም። በሁለቱም ዓይነት ውል ኮንክሪት ሲሞላ ቆሞ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ የቤቱ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ሁሉም ሰው ማየቱ፣ የሶፍትዌሩ ስንጥቅ ግን ኮድ ለሚያነብ ብቻ መታየቱ ነው።

የአውስትራሊያዋ የኩዊንስላንድ ግዛት ታሪክ ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ የተሟላ ምሳሌ ነው። ግዛቱ የጤና ሠራተኞቹን የደመወዝ ሥርዓት ለመተካት እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ከአይቢኤም ጋር ተዋዋለ። ለጤናው ዘርፍ የሚሆነው ጊዜያዊ የደመወዝ ሥርዓት መጀመሪያ ሲዋዋሉ 6 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ዋጋ ነበረው። ሥርዓቱ በመጋቢት 2010 ሥራ ሲጀምር በሺዎች የሚቆጠሩ ነርሶችና የሆስፒታል ሠራተኞች ደመወዛቸው ጎደለ፣ ለአንዳንዱ በትርፍ ተከፈለ፣ ለአንዳንዱም ጭራሽ አልመጣም። ነገሩን የመረመረው ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ሪፖርት ሥርዓቱን አስተካክሎ ማንቀሳቀስ ግዛቱን በጠቅላላው 1.2 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ እንደሚያስወጣው ገመተ። ኮሚሽኑ ጥፋቱን ለሠሪው ብቻ አልሰጠም፤ ግዛቱ ምን እንደሚፈልግ በቅጡ ሳይወስን ወደ ሥራ መግባቱንም ነቀፈ። የጤና ሠራተኛ ደመወዝ ማለት የሌሊት ተረኛ፣ የበዓል ቀን፣ የርቀት አበል፣ የትርፍ ሰዓት ስሌት እርስ በርስ የተጠላለፈበት ነው፤ ያንን ጥልፍልፍ የሚያውቁት ለዓመታት ያሰሉት የሒሳብ ሠራተኞች ነበሩ። ግዛቱ በኋላ አይቢኤምን ቢከስም በ2015 መጨረሻ ተረታ፤ በችግሩ ወቅት ሥራው እንዳይቆም ሲል ከኩባንያው ጋር የፈረመው ስምምነት የመክሰስ መብቱን አሳጥቶት ነበር። በጭንቅ ሰዓት የተፈረመ ወረቀት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ይህን ፍርድ ማንበብ ብቻ ይበቃል።

ሌላው ምሳሌ ለእኛ ቅርብና መራራ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ቦይንግ አንዳንድ የሶፍትዌር ሥራዎችን በሰዓት እስከ 9 ዶላር ዝቅ ባለ ክፍያ ለሚሠሩ የኮንትራት ባለሙያዎች ይሰጥ እንደነበር በዜና ሲወጣ፣ ብዙ ሰው የአደጋውን ምክንያት በዚህ ቁጥር ውስጥ ያገኘው መሰለው። ቦይንግ እነዚያ ባለሙያዎች አደጋው ከተያያዘበት ኤምካስ ከሚባለው ሥርዓት ጋር ግንኙነት እንዳልነበራቸው ገልጿል። ኤምካስን በተመለከተ ጎልቶ የወጣው ነገር ከክፍያ ማነስ የከፋ ነው፤ ሥርዓቱ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው ከአንድ ዳሳሽ ብቻ በሚመጣ መረጃ ተመርቶ ነበር፤ ይህም የሆነው በንድፉ ነው። ሶፍትዌሩ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ጥፋቱ ትእዛዙ ላይ ነበር። ኮዱን ማን ጻፈው የሚለውን ጥያቄ ማን አዘዘው፣ ማንስ መረመረው ከሚለው ማስቀደም ሐዘኑን ወደማይገባው ሰው ማዞር ነው።

በአገራችን ሁኔታ አሠሪዎቹን ስንመለከት፣ ትልልቆቹ ባንኮች የሚሠሩባቸው ዋና ሶፍትዌሮች እንደ ስዊዘርላንዱ ቴሜኖስና እንደ አሜሪካው ኦራክል ካሉ ኩባንያዎች የተገዙ ናቸው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ የባንክ መዝገብን ከዜሮ መጻፍ ለማንም አይመከርም። ነገር ግን የላይሰንስና የጥገና ክፍያው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ፤ በዶላር የተዋዋለ ተቋም ሁሉ አንድም ተጨማሪ አገልግሎት ሳያገኝ ወጪው በብር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። በጨረታ ሰነድ ላይ «ርካሽ» ተብሎ የተመረጠው ዋጋ እንዲህ ያለውን ነገር አይቆጥርም።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ የጨረታው ሰነድ ራሱ ነው። የሥራ ዝርዝሩ በብዙ ቦታ ከሌላ መሥሪያ ቤት ሰነድ ይገለበጣል፤ «ሪፖርት ያወጣል»፣ «ለአጠቃቀም ቀላል ይሆናል» በሚሉ መስመሮች ይሞላል፤ ምን ዓይነት ሪፖርት፣ ለማን፣ በየስንት ቀኑ የሚለው አይገኝበትም። ቴክኒካል ምዘናውን ያለፉት ሁሉ እኩል ይሆኑና የፋይናንስ ፖስታው ሲከፈት ዝቅተኛው ያሸንፋል። ርክክብ ላይ የሚቀመጠው ኮሚቴ ደግሞ ገጾቹ መከፈታቸውን አይቶ ይፈርማል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕግ ሲለወጥ ነገሩ ይገለጣል። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ መነሻ ከ600 ወደ 2,000 ብር ሲያድግ፣ የደመወዝ ሶፍትዌሩ መነሻዎቹን በቅንብር ገጽ ላይ እንዲቀይር ሆኖ የተሠራለት ተቋም ነገሩን በአንድ ከሰዓት ጨረሰው፤ ቁጥሩ ኮዱ ውስጥ የተቀበረበት ግን ሠሪውን ፍለጋ ይወጣል። ሠሪው ስልክ ካነሣ መልካም ነው።

ባለቤትነትም እንዲሁ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ የፈጠራ ሥራዎች ጋር ቆጥሮታል፤ ስለሆነም ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራመሩ የጻፈው ዋናው ኮድ፣ የማን እንደሆነና መቼ እንደሚተላለፍ ውሉ ላይ በግልጽ መስፈር አለበት። በተግባር ግን ጠቡ የሚነሣው ከዚህ ባነሱ ነገሮች ነው፤ የድረ ገጹ ስም የተመዘገበው በሠሪው ኢሜይል ነው፤ የሞባይል መተግበሪያው ጉግል ፕሌይ ላይ የተጫነው በአንድ ፕሮግራመር የግል አካውንት ነው፤ የሰርቨሩ የይለፍ ቃል ያለው በአንድ ሰው ቴሌግራም ውስጥ ነው። ያ ሰው ካናዳ ሲገባ ተቋሙ የራሱን ሱቅ ቁልፍ ያጣል። በዚህ ላይ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን መረጃ ለሙከራ ብሎ ወደ ውጭ መላክ እንደ ቀድሞው በዝምታ የሚታለፍ ጉዳይ መሆን የለበትም።

ቋንቋችን የሚጨምረው ፈተናም አለ። ከውጭ የመጣ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን፤ ባልና ሚስትን በስም ላገናኝ የሚል ሥርዓት ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አድርጎ ይመዘግባቸዋል። አንዷ ደንበኛ ስሟን «ፀሐይ» ብላ ተመዝግባ ሌላ ሠራተኛ «ጸሃይ» ብሎ ሲፈልጋት ሥርዓቱ የለችም ይላል። የካቲት 30 የሚባል ቀን እንዳለ የማያምን ሶፍትዌርም አጋጥሞኛል። እነዚህ ለአገሬው ፕሮግራመር ማስረዳት የማያስፈልጉ ነገሮች ናቸው፤ ከከተማችን ወጣቶች ጋር መሥራት ዋጋው በሰዓት ቢበልጥም ብዙ ጊዜ በድምሩ የሚረክሰው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ኢትዮጵያ ሥራ ሰጪ ብቻ ሳትሆን ተቀባይም መሆን ትፈልጋለች። የሰዓት አቀማመጧ ያግዛታል፤ ከለንደን የምትርቀው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ዋሽንግተን ቢሮ ሲገባም አዲስ አበባ ገና ከቀኑ አሥር ወይም አሥራ አንድ ሰዓት ስለሆነ በቀን ለአንድ ስብሰባ ጊዜ ይገኛል። (ስብሰባው «ሦስት ሰዓት» ነው ሲባል በማን ሰዓት እንደሆነ መጠየቅ አይዘንጋ።) እንደ አይኮግ ላብስ ያሉ ድርጅቶች ከአዲስ አበባ ሆነው ሶፊያ ለምትባለው ሮቦት ሶፍትዌር አስተዋጽኦ ማድረጋቸው ችሎታ እንዳለ አሳይቷል። የሚጎድለው ከፕሮግራመሩ እጅ ውጭ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከውጭ ደንበኛ ጋር ውል የነበረው ሰው ሥራውን ማስረከብ ቀርቶ ለምን እንደጠፋ እንኳ ማስረዳት አልቻለም። ደንበኛ ዋጋ መጨመሩን ይታገሣል፤ መጥፋትን ግን አይታገሥም።

በሩ ራሱም እየጠበበ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው የግብር ሕግ መሠረት ከ2022 ጀምሮ ኩባንያዎች በውጭ አገር የሚያሠሩትን የሶፍትዌር ወጪ ከገቢያቸው ሊቀንሱ የሚችሉት በ15 ዓመት ከፋፍለው ነው፤ በ2025 አገር ውስጥ ለሚሠራው ወዲያው መቀነስ ሲፈቀድ የውጭው በነበረበት ቀረ። በዚያው ዓመት የውጭ ባለሙያ አሜሪካ ገብቶ እንዲሠራ ለሚያስችለው የኤች ዋን ቢ ቪዛ አዲስ ማመልከቻ የ100,000 ዶላር ክፍያ ተጣለ፤ ይህኛው በተቃራኒው ኩባንያዎችን ባለሙያውን ባለበት አገር ወደማሠራት ሊገፋ ይችላል። ሁለቱ ፖሊሲዎች እርስ በርስ እንደሚጎተቱ ያወጧቸው ሰዎች ያሰቡበት አይመስለኝም። በዚህ ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። ታታ ኮንሰልታንሲ የተባለው የህንድ ግዙፍ የሶፍትዌር ኩባንያ በሐምሌ 2025 ከ12,000 በላይ ሠራተኞቹን እንደሚቀንስ ሲያስታውቅ ሥራ አስፈጻሚው ምክንያቱ ይህ ቴክኖሎጂ አይደለም ቢሉም፣ በዝቅተኛ ሰዓት ዋጋ ብዛት ያለው ተራ ኮድ የመጻፍ ገበያ ከእንግዲህ እንደቀድሞው እንደማይሰፋ መገመት አይከብድም። ማሽን ርካሹን ፕሮግራመር ሲተካ፣ ምን እንደሚፈለግ በትክክል የመጻፍ ሥራው ይብሳል እንጂ አይቀንስም፤ ማሽኑም ጳጉሜን አሥራ ሦስተኛ ወር መሆኗን ያውቃል፣ ብድር እንደማይከፈልባት ግን ካልተነገረው አያውቅም።

ያ የቁጠባና ብድር ተቋም ጉዳዩን እንዲህ ጨረሰው። ሠሪው ድርጅት ማስተካከያውን የለውጥ ጥያቄ ብሎ ዋጋ አወጣለት፤ ድርድሩ ከጥቅምት እስከ ጥር ወሰደ፤ ኮዱ ላይ የተለወጠው ጥቂት መስመር ብቻ ነበር። በመካከሉ አንዲት የብድር ክፍል ሠራተኛ የተቆጠሩትን ቅጣቶች በኤክሴል እየለየች በእጅ ሰረዘቻቸው። ቀጣዩ ሥራ ሲመጣ የውሉን አባሪ እንድትጽፍ የተደረገችውም እሷ ናት። የቀድሞው አባሪ አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ የእሷ አሥራ አንድ ገጽ ሆነ፤ የመጀመሪያው አንቀጽ «ጳጉሜን የክፍያ ወር አይደለችም» ይላል።